ጭስ ያጣው እልፍኝ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የመሠረት» በሉኝ።

— የመሠረት!

ድሮ ነው። እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረበት፣ ድንጋይና እንጨትም ሲጠሯቸው «አቤት» በሚሉበት ዘመን፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ትልቅ እልፍኝ ነበረ። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ሳንቃው ወይራ፣ ክዳኑ ሰንበሌጥ። ወራጁ በሙሉ በበሬ ጠፍር የታሰረ ነው፤ ሚስማር የሚባል አያውቅም። ከደጁ ቢቆሙ ከታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ሰማዩ ይታያል። ነፋሱ ሽው ሲል ያጠግባል።

ያሠሩት ባላምባራስ ጓንጉል ነበሩ። እሳቸው ሞቱ። ልጆቻቸው ከተማ ገቡ። እሳቱ ጠፋ። እልፍኙ ብቻውን ቀረ።

መጀመሪያ ላይ አልከፋውም። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል፤ እሱም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። አንድ ቀን ግን ከጣራው ውስጥ ድምፅ ሰማ።

ቅርጥፍ። ቅርጥፍ። ቅርጥፍ።

«ማነው እሱ?» አለ እልፍኙ።

«እኛ ነን፣ ምስጦች።»

«ምን ትሠራላችሁ እዚያ?»

«ምሳ ላይ ነን ጌታዬ። እንብላ!»

«የምን እንብላ! ወራጄን ነው እንዴ የምትበሉት?»

«ታዲያ ማን ይከለክለናል? ድሮ ጭስ ነበረ፤ ዓይናችንን እያቃጠለ አያስጠጋንም። አሁን እሳት የለ፣ ጭስ የለ። ክረምት ሲገባ ክዳንህ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ያን ጊዜ ከነክብርህ ቁጭ ነው።»

እልፍኙ ደነገጠ። እውነታቸውን ነው። የሣር ቤት የሚኖረው በጭስ ነው። ክረምቱ ሳይገባ እሳት የሚያነድበት ካላገኘ አለቀለት።

ያን ጊዜ የአገሩ ደላላ ጦጣ ነበረች። አስጠራት።

«እንኮዬ ጦጣ፣ እባክሽ ገቢ፣ ገብቶ የሚኖርብኝ ፈልጊልኝ። እሳት የሚያነድብኝ።»

ጦጣ ዞራ አየችው። ሳንቃውን አንኳኳች። ጣራው ላይ ወጥታ ወረደች።

«ገቢ? ላንተ? እኔ ጌታ ነው የማመጣልህ! እንዲህ ያለ የጥንት ቤት፣ እንዲህ ያለ ነፋሻ ቦታ የት ይገኛል! ብቻ አደራህን እሳት እንዳታስነካ። ጥላሸት ያጠቁርሃል፤ ገበያህን ይዘጋዋል።»

«እኔ እኮ የምፈልገው እሳቱን...»

«ዝም በል። ቤት ሲሸጥ አይናገርም።»

መጀመሪያ አንበሳ መጣ። ጎፈሩን አበጥሯል። ጦጣ ፊት ፊቱ እየዘለለች፣

«ይኸው ጌታዬ! ድንጋዩን ይዩልኝ! ነፋሱን ይቅመሱልኝ! ባላምባራስ ራሳቸው እዚችው ላይ ቆመው አስነጥሰዋል!» አለች።

አንበሳ ከደጅ ቆሞ አገሩን ቃኘ። «አቤት! ከዚህ ሆኖ የማይታይ ሚዳቋ የለም። ወደድኩት።»

እልፍኙ ደስ አለው። «ጌታዬ፣ መቼ ይገባሉ? እሳቱንስ መቼ ያነዳሉ?»

«የምን መግባት? የምን እሳት? እኔ የምኖረው ቆላ፣ ዋሻዬ ነው። አንተን እቆልፍሃለሁ። ‹ያ ቤት የማነው?› ሲባል ‹የአያ አንበሶ ነው› ይባላል፤ ያ ይበቃኛል። ለዓመት በዓል መጥቼ ከውጭ አይሃለሁ።»

«ይሁንለት! ይሁንለት!» አሉ ምስጦች ከላይ። «እንዲህ ያለ ጌታ ከየት ይመጣል!»

«አይሆንም» አለ እልፍኙ።

«ምን አልክ?» ብሎ አንበሳ አገሳ። ሲያገሳ ምስጥ የፈጨው እንጨት ከጣራው ቡን ብሎ ወረደና አፍንጫው ገባ።

«እንጥሽ!» አለ አንበሳ።

«ይማርዎ» አለች ጦጣ።

«እንጥሽ! ይህ ቤት ነው ወይስ የዱቄት ጎተራ? እንጥሽ!» እያለ ቁልቁል ወረደ።

«ባላምባራስም እንዲሁ ነበሩ ጌታዬ!» ብላ ከኋላው ጮኸች። ማን ሰምቷት።

በሁለተኛው ቀን ጅብ መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ጭምት መስሏል፣ አንገቱን ደፍቷል። ድንጋዩን አላየም። ወንዙን አላየም። አንጋጦ ጣራውን ብቻ አየ።

«ይህ ማሰሪያው ምንድን ነው?» አለ።

«ጠፍር ነው አያ ጅቦ፣ የጥንት ጠፍር! የሰንጋ በሬ!» አለች ጦጣ።

«ስንት ዓመት ቆይቷል?»

«ከባላምባራስ በፊት!»

ጅብ ዓይኑን ጨፈነ። «ቆይቶ የበሰለ» አለ።

«ይገባሉ ወይ?» አለ እልፍኙ ፈራ ተባ እያለ።

«ዛሬውኑ! ገብቼ አልወጣም። ቀን ከዚህ፣ ማታ ከዚህ። እንደ ጨዋ ቁርበት አንጥፉልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም።»

እልፍኙ ሊፈነዳ ደረሰ። በመጨረሻ የሚኖርበት አገኘ! «እሳትስ ያነዳሉ?»

«እሳት አልወድም። ጠፍሩን ያደርቅብኛል።»

ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«ዝናብ ጀመረ እንዴ?» አለ እልፍኙ።

ዝናብ አይደለም። የጅብ ለሃጭ ነው። ወዲያው ወደ ውስጥ ዘልቆ ባላምባራስ ይተኙበት የነበረውን የጠፍር አልጋ በጥርሱ ግምጥ አደረገ።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቅመሳ ነው እንጂ። ገዢ ሳይቀምስ ይገዛል?»

«ውጣ!» አለ እልፍኙ። አንቱታውም ቀረ። ጅብ ሲሮጥ ሳንቃው ጓ! ብሎ ተዘጋ፤ የጭራው ጠጉር ከበሩ ላይ ቀረ።

ምስጦች በሣቅ ሞቱ። «እሱ ጠፍሩን፣ እኛ እንጨቱን! ጥሩ ጎረቤት ነበር እኮ!»

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ድመት መጣች። ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ እያመላለሰች ከደጁ አስቀመጠቻቸው።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ እልፍኝ?» አለች። እልፍኙን ደነቀው። ከመጡት ሁሉ ሰላም ያለው የለም ነበር።

ጦጣ ከዛፏ ላይ ሆና፣ «ምን ፈለግሽ እመት ድመት?» አለች።

«ልጆቼን የማስጠልልበት ጥግ።»

«ይህ ጥግ አይደለም፤ የጥንት እልፍኝ ነው! ነፋሱን አየሽው?»

«አየሁት። ይበርዳል።»

«ወንዙንስ? ሜዳውንስ?»

«እኔ የማየው ከጉልቻ አልፎ አያውቅም። ምድጃው በየት በኩል ነው?»

እልፍኙ አፈረ። የባላምባራስ ጓንጉል እልፍኝ የድመት ቤት ሆነ ቢባል ምን ይመልሳል? ሳንቃውን ገርበብ አደረገው።

ድመት ነገሩ ገባት። «ግድ የለም፣ ደህና ሁን» ብላ አንዷን ልጇን አነሳች። «ጃርት ጉድጓድ አላት፤ እሷን ልለምን።»

ሰማዩ አጉረመረመ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ክዳኑን ሰንጥቃ ገባችና ከቀዝቃዛው ምድጃ ላይ አረፈች። ይህች እንኳ የጅብ አይደለችም። እልፍኙ ወራጁ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው።

«እመት ድመት! ቆይ እስቲ! ብትገቢ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ከጎረቤት በገል እሳት ጭሬ እመጣና አነዳለሁ። ልጆቼ በርዷቸዋል።»

«ጥላሸት!» ብላ ጦጣ ከዛፏ ልትወድቅ ደረሰች። «ተው አንተ ቤት! ዋጋህ ይወድቃል!»

«ዋጋዬ እንዳይወድቅ እኔ ልውደቅ?» አለ እልፍኙ። ሳንቃውንም ወለል አድርጎ ከፈተው።

ድመት ሮጣ ሄዳ እሳት ጭራ መጣች። እፍ አለች። ጭሱ ተነሳ፤ ግድግዳውን ታኮ፣ ወራጁን ዳብሶ ክዳኑ ውስጥ ገባ።

«እሁ! እሁ! ማነው እሱ?» አሉ ምስጦች።

«ምሳ ላይ ነን» አለች ድመት። «እንብላ!»

«ይቅርብን! ይቅርብን!» ብለው ከነልጅ ልጆቻቸው ወጥተው ሄዱ።

ዝናቡ ወረደ። አይጣል ነው። አንዱ ወራጅ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙ። የጎረቤቱ ሁሉ እሳት በዝናቡ ጠፋ። ጃርት ገል ይዛ እሳት ልትጭር መጣች። ጥንቸል መጣች። ሚዳቋ መጣች። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነውና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እስር ሰንበሌጥ ይዘው መጡ። ያፈሰሰው ተደፈነ፤ የሣሳው ተከደነ።

ክረምቱ ሲያይል ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?» አለ እልፍኙ።

«እኔ ነኝ፣ ጦጣ። ዛፌ ያፈሳል... እሳት ልጭር ብዬ ነበር።»

«ግቢ» አለ።

ገባች። ሰንበሌጥ አልያዘችም፤ እጇ ባዶ፣ ጠጉሯ ውሃ ብቻ። ከምድጃው አጠገብ ኩርምት አለች። ሲሞቃት ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ጥቁር ሆኗል።

«አዬ!» አለች። «ይህን ጥላሸት ማን ይገዛዋል?»

«ማንም» አለ እልፍኙ፣ ደስ ብሎት።

«ዝም ብለሽ ሙቂ» አለች ድመት።

እንግዲህ ከሚታይ ቤት የሚጨስ ቤት ይከርማል።

እኔ ተረቴን ከተትኩ፤ እናንተም ልጆቻችሁን ክተቱ።