የወይዘሮ የሻሽወርቅ ራስ ምታትና መሪጌታ ጥሩነህ

የመሪጌታ ጥሩነህን ነገር ለእኔ ያወሩልኝ አጎቴ ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ አባታቸው አውርተውላቸዋል። መሪጌታን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የሚያስቅ ነገር ካለ የመሪጌታ ነው፤ የማያስቀው የእኔ ነው።

መሪጌታ ከቢቸና ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር፣ በአንዲት ትንሽ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው እንደ ነገሩ ነው። ምላሳቸው ግን ሌላ ነው። መኳንንቱ ግብር ሲያበሉ መሪጌታን ሳይጠሩ አይቀሩም፤ ከጠሯቸው በኋላ ደግሞ «ምነው ባልጠራናቸው» ይላሉ።

ወይዘሮ አንጓችን ሲያገቡ አማታቸው ታመው ስለነበር፣ ወደ ሚስታቸው አገር መጥተው በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉና በየማኅበሩ «ለአንጓች ብዬ ነው እንጂ የትልቁ ደብር አለቅነት ይጠብቀኝ ነበር» ማለት ልማዳቸው ሆነ። አንድ ቀን የማኅበር ተራ ደርሷቸው ቤታቸው እንግዳ ሞልቶ ሳለ ይህንኑ ደገሙት። እንግዳው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ሽማግሌ ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል የተወልሽን ሰው አክብረሽ ያዢ» አሏቸው። ወይዘሮ አንጓች ጠላ መቅዳታቸውን ሳያቋርጡ፣

«እውነትዎን ነው አባቴ፤ ያልሰጧቸውን ሹመት ነው የተዉልኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪጌታ የአለቅነቱን ነገር አንሥተው አያውቁም። ሌላ ሰው «ለሚስቴ ስል» ብሎ ወሬ ሲጀምር ግን ጆሯቸውን ጣል ያደርጉ ጀመር።

*

በዚያ አገር ሚስቱን በመውደድ እንደ ፊታውራሪ እንግዳሸት ስሙ የተጠራ ሰው አልነበረም። የአገሩ ገዢ ደጃዝማቹ ለሸንጎ በጠሯቸው ቁጥር ፊታውራሪ በቅሏቸውን ያስጭናሉ። በቅሎዋ ከደጅ ልትወጣ ስትል ሚስታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ራሳቸውን ይዘው ይወድቃሉ። ፊታውራሪም፣ «የሻሽ ታማ እኔ የትም አልሄድም! ሹመቱም ቢሆን ይቅርብኝ» ይሉና ኮርቻውን ያስወርዳሉ።

ይህ ትልቅ ዝና ሆነላቸው። አዝማሪው በማሲንቆ ዘፈነላቸው፤ ቄሱ በስብከታቸው መካከል አነሷቸው። የአገሩ ሴቶችም «እንደ ፊታውራሪ በሆንክ» እያሉ ባሎቻቸውን አላስቀምጥ አሉ።

አንድ ቀን ግብር ላይ፣ ጠጁ ሞቅ ሲያደርጋቸው ፊታውራሪ መሪጌታን ከተቀመጡበት ጠሯቸው። «አንተ መሪጌታ፣ ብዙ አገር ዞረሃል። እንደ እኔ ሚስቱን የሚወድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሏቸው። መሪጌታ ትንሽ አሰቡና፣

«አላየሁም ጌታዬ። እንደ እርስዎ በቅሎ የታደለችም አላየሁም፤ ሁልጊዜ ትጫናለች፣ የትም አትሄድም» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊታውራሪም ሳቁ፤ ግን ከሰው ሁሉ ዘግይተው ነው። መሪጌታ ያዩት ሳቁን ሳይሆን መዘግየቱን ነበር።

*

የወይዘሮ የሻሽወርቅ ሕመም እየበረታ ሄደ። እህል አልወርድ አላቸው፤ ከመክሳታቸው የተነሣ ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ አስቸገረ። ፊታውራሪ ተጨንቀው ደብተራ ክንፉ የሚባል መድኃኒተኛ አስመጡ። ደብተራው በዋግምት ደም ቀዳ፣ ሥር እየወቀጠ አስሸተታቸው፣ ምንም ለውጥ ሲያጣ «ዛር ነው» አለ። ዛሩ ነጭ ሙክት እንደሚፈልግ፣ ከሙክቱም ፍሪምባው የዛሩ ድርሻ እንደሆነ ነገራቸው። ሙክት ታረደ። የዛሩ ድርሻ ለደብተራው ቀረበለትና እሱው በላው። ብዙም ሳይቆይ ዛሩ ሌላ ሙክት አማረው፤ እሱም ታረደ።

በዚያ ማዕድ መሪጌታ ነበሩ። ደብተራው አጥንቱን ሲግጥ ሲያዩት ቆይተው፣

«ክንፉ፣ ይህ እንዴት ያለ ዛር ነው? በእመቤቲቱ ላይ ይቀመጣል፣ በአንተ አፍ ይበላል» አሉት።

ሰዉ ሳቀ። ደብተራ ክንፉ ግን አጥንቱን አስቀመጠና፣ «እንግዲያው ነገሩ የጠና ነው። ይህ ዛር በእሳት ካልሆነ አይወጣም። ሌላ ጊዜ ሲያማቸው ግንባራቸውን በጋለ ብረት እተኩሳቸዋለሁ» አለ። የፊታውራሪ ዓይን እንባ ሞላ። ቢሆንም «አይሆንም» አላሉም። ያን ቀን መሪጌታ ሌላ ሳይቀልዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

*

በማግስቱ መሪጌታ ጠበል ይዘው እመቤቲቱን ሊጠይቁ ሄዱ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግንባራቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው ተኝተዋል። መሪጌታ ከአጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ከብቱ አወሩ፤ ከዚያ ከመንገድ እንደ ሰሙት ወሬ አድርገው፣ «ደጃዝማቹም ዘንድሮ ሸንጎ የለም ብለዋል አሉ» አሉ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቀና አሉ። ነጠላውን ፈቱት። ደንገጡራቸውን ጠርተው «እስቲ የሚቀመስ ነገር አምጪልኝ» አሉ። የቀረበላቸውን በልተው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ መሪጌታ ጠበቁና፣

«እመቤቴ፣ የሚያምዎ ግንባርዎ ነው ወይስ መንገዱ?» አሉ።

በመጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ አለቀሱ። በመጨረሻ ደንገጡራቸውን አስወጡና ተናገሩ።

«አንድ ጊዜ ፊታውራሪ ሸንጎ ፊት ቆመው ሲናገሩ ምላሳቸው ተያዘ። አንዲቱን ቃል እየደጋገሙ ቀሩ። ያ ሁሉ መኳንንት ሳቀባቸው። የደጃዝማቹ አጫዋች ተነሥቶ እንደ እሳቸው እየተንተባተበ ሲያስመስል ደጃዝማቹም አብረው ሳቁ። እቤት መጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ሌላ ጊዜ ሲጠሩ ልጓሙን መጨበጥ አቃታቸው። እኔን ያን ዕለት በእውነት ራሴን አሞኝ ነበር። ‹አንቺ ታመሽማ አልሄድም› ሲሉኝ ፊታቸውን ቢያዩት መሪጌታ! ሞቶ የተነሣ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሴ ጊዜውን ጠብቆ ይነሣብኛል። ማስመሰል እንዳይመስልዎ። በእውነት ያመኛል።»

«እሳቸው ይህን ያውቃሉ?»

«ለእኔ ብለው የቀሩ ነው የሚመስላቸው። እሱን ከወሰድኩባቸው ምን ይቀራቸዋል? እተኮሳለሁ እንጂ አልናገርም። እርስዎም እንዳይናገሩ።»

መሪጌታ ሊሄዱ ተነሡ። አንገታቸውን ደፍተው፣ «እመቤቴ፣ ሸንጎውማ አለ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላውን አነሡና ግንባራቸውን መልሰው አሰሩት።

ቀልድ ፈላጊ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል። አጎቴ ግን ዘለውት አያውቁም።

*

መሪጌታ እቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ አንጓች ነገሩን ዘረዘሩላቸው። «ብናገር የሰውዬውን ክብር እገድላለሁ። ዝም ብል ሴትዮዋ በእሳት ትጠበሳለች። ብቻ አደራ ብላኛለች፤ ለእሷ ስል ዝም ልበል መሰለኝ» አሉ። ወይዘሮ አንጓች የያዙትን እንዝርት አስቀመጡ።

«ዝም የሚሉት ለእሷ ነው ወይስ ለፊታውራሪ ጠጅ?» አሏቸው።

መሪጌታ ራት አልበሉም።

*

ጥቂት ቆይቶ ከደጃዝማቹ መልእክተኛ መጣ። ቀኛዝማች በሪሁን የሚባሉ ሰው ፊታውራሪን ከስሰዋል፤ ፊታውራሪ አሁንም ቀርተው እንደሆነ ሹመታቸውም ግዛታቸውም ለቀኛዝማቹ ይሰጣል ተባለ። ፊታውራሪ በቅሏቸውን አስጫኑ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ራሳቸውን ይዘው ወደቁ። ደብተራ ክንፉም ብረቱን ፍም ውስጥ ሰካ።

ፊታውራሪ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ከአልጋው አጠገብ ቆሙ። እያለቀሱ፣ «ለአንቺ ስል ግዛቴም ይሂድ። ብቻ አንቺ ቻይው» ይላሉ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደብተራው ብረቱን አወጣ፤ ቀልቷል። በዚህ ጊዜ መሪጌታ ከበሩ ላይ ሆነው፣

«ብረቱ ይቆይ። በሽተኛው አልተኛም፤ ቆሟል» አሉ።

ፊታውራሪ ጎራዴያቸውን ጨብጠው «ምን አልክ?» አሉ። መሪጌታ የተናገሩትን አልደገሙትም። ፊታውራሪ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«የሻሽ፣ ይህ ሰው ምን እያለ ነው?»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፊታውራሪ ያን የተሸፈነ ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። የጎራዴው እጀታ ከእጃቸው ወጣ።

«ው… ው… ውጡ» አሉ።

እንዲህ ሲንተባተቡ አሽከሮቻቸው ሰምተው አያውቁም። ሁሉም ተንጋግቶ ወጣ። ደብተራ ክንፉም ብረቱን እንደያዘ ወጣና ግቢው ውስጥ እንደቆመ ቀዘቀዘበት።

ባልና ሚስቱ ውስጥ ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም። አንዴ የሴት ልቅሶ፣ ቆይቶ ደግሞ የወንድ ልቅሶ ተሰማ ይባላል። በሩ ሲከፈት ፊታውራሪ ዓይናቸው ቀልቶ ወጡና፣ «ለእመቤቲቱም በቅሎ ጫኑ። ለመሪጌታ አህያ ፈልጉለት፤ ነገሩን ካመጣው አይቀር መጨረሻውን ይየው» አሉ።

*

በመንገድ ፊታውራሪ መሪጌታን አላናገሯቸውም። እንደ ወጉ እሳቸው ከፊት፣ ሚስታቸው ከኋላ፣ መሪጌታ ከአህያቸው ጋር ከሁሉም ኋላ ሆነው ተጓዙ። ወንዝ ተሻግረው በቅሎዎቹ ውኃ ሲጠጡ ፊታውራሪ መሪጌታን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ እወዳታለሁ። ያ ሁሉ ውሸት ነበር ትለኛለህ?» አሉ።

«ውሸት አልነበረም ጌታዬ። ፍቅሩ የእርስዎ ነበር፣ መሥዋዕቱ የእሳቸው።»

ፊታውራሪ በቅሏቸው ላይ ከወጡ በኋላ የሚስታቸው በቅሎ አጠገባቸው እስክትደርስ ድረስ ልጓሙን ያዙ። የቀረውን መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ።

*

ሸንጎው ሞልቶ ነበር። ቀኛዝማች በሪሁን ተነሥተው፣ «ጌታዬ፣ በሚስቱ ቀሚስ ተይዞ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው እንዴት አገር ይገዛል?» አሉ። መኳንንቱ ጉምጉም አለ። መሪጌታ እጅ ነሥተው፣

«ቀኛዝማች ሆይ፣ እርስዎን ‹አይሂዱብኝ› የሚል ሰው በቤትዎ በመጥፋቱ በጣም አዝነናል» አሉ።

ሳቁ ወደ ቀኛዝማቹ ዞረ። ደጃዝማቹ ግን እጃቸውን አነሡ። «አንተ መሪጌታ፣ አፍህን ያዝ። ሰውዬው ራሱ ይናገር። እንግዳሸት፣ ስጠራህ ለምን ቀረህ?»

ፊታውራሪ እንግዳሸት ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። «ሚ… ሚ… ሚ…» አሉና ምላሳቸው ተያዘ። ከኋላ በኩል ሳቅ ተጀመረ። ያ አጫዋች ሊያስመስል ከመቀመጫው ብድግ አለ። መሪጌታ በፊታውራሪ ፋንታ ሊናገሩ ሲነሡ፣ ፊታውራሪ ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው። ላቡ በፊታቸው እየወረደ ቆሙ። ከቦታቸው ግን አልሸሹም።

«ሚ… ሚስቴ አይደለችም» አሉ። «ፈ… ፈርቼ ነው።»

«ምንን ፈርተህ?»

«ይ… ይህን ሳቅ።»

ሳቁ ቆመ። አጫዋቹ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደጃዝማቹ፣ ድሮ አብረው የሳቁት እሳቸው፣ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሹመትህ ይጽናልህ። ሲጠሩህ ና። ከእንግዲህ በዚህ ሰው የሚስቅ ቢኖር ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አሉ። ቀኛዝማች በሪሁን ኩታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ደጃዝማቹ ነገሩን ለማለዘብ ፈለጉ። ከሴቶቹ በኩል ወደ ቆሙት ወደ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዞረው፣ «አንቺስ እመቤት፣ አገር ያወቀው ያ ራስ ምታትሽ የት ደረሰ?» አሉ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወደ ባላቸው አዩ። ፊታውራሪ ገና እንደቆሙ ናቸው፤ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ለባለቤቱ መለስኩት፣ ጌታዬ።»