በረኛውን ያኮረፈው ቡድን

አንድ ኮሌጅ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። የኮሌጁን ስም አልናገርም። ተጫዋቾቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ውድድሩም ገና አላለቀም። ከተጫዋቾቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ያፈርኩበትን ነገር ይዤ ዝም ከምል ለሌላው ቢጠቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ከአሥር ኮሌጆች ዘጠነኛ ነበርን። ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተን ያሸነፍነው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱን አቻ ወጣን፣ ስድስቱን ተሸነፍን። አሥራ ሰባት ጎል ገባብን። ከእኛ በታች ያለው ኮሌጅ ቡድን ያቋቋመው ገና ዘንድሮ ነው፤ ግማሾቹ ተጫዋቾቹ በሸራ ጫማ ይጫወታሉ። ያሸነፍነውም እነሱን ነው።

ኅዳር ላይ ስንጀምር ግን እንዲህ አልነበርንም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሁለት ለዜሮ አሸንፈን በአውቶቡስ እየዘፈንን ተመለስን። ሁለተኛው ጨዋታ ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር ነበር። በእነሱ መሸነፍ ማለት ዓመቱን ሙሉ መሾፊያ መሆን ነው። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ፣ አንድ ልፍስፍስ ኳስ ወደ ጎላችን መጣ። ሕፃን ልጅ የሚይዘው ኳስ ነው። በረኛችን ላቀው ጎንበስ ብሎ ሊይዘው ሲል በእጆቹ መሃል ሾልኮ ገባ። አቻ ወጣን።

በመመለሻችን አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። አምበላችን ሱራፌል ከኋላ ወንበር ተነስቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ሰውዬ የሚያናግር ከእኔ ጋር ተጣልቷል» አለ። ላቀው ፊት ለፊት ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ላቀው ሻይና ዳቦውን ይዞ ወደምንበላበት ጠረጴዛ መጣ።

«ወንድሞቼ፣ የትናንቱ ጥፋት የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ።

ሱራፌል ብርጭቆውን አንስቶ ተነሳ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ሌላው። እኔ ዳቦዬን አልጨረስኩም ነበር፤ በእጄ እንደያዝኩት ተነሳሁ። ላቀው በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ቀረ።

ኩርፊያ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በየቤቱ አለ። ሰው ይኮራረፋል፣ ሰንበት ይላል፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መሃል ገብቶ ያስታርቃል። እኛ ግን ሽማግሌ አልፈለግንም። ይባስ ብለን ኩርፊያችንን ይዘን ሜዳ ገባን። በረኛ ማለት ሜዳውን ከኋላ ሆኖ የሚያይ ዓይን ነው። «ሰው አለብህ!» ይላል፣ «ተመለስ!» ይላል፣ «ልቀቀው፣ የእኔ ነው!» ይላል። ላቀውም እንዲህ ይላል። እኛ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ሲጣራ ዞር ብሎ ያየ ተጫዋች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ መሳቂያ ይሆናል፤ ስለዚህ ማንም አይዞርም። እኔ በቀኝ በኩል ተከላካይ ነኝ። ከእሱ ብዙ ብርቅ አሥር እርምጃ ነው።

አሰልጣኛችን ጋሽ ዘውገ ነገሩን አላወቁም። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ የሰው ክፋት ቶሎ አይታያቸውም። እሳቸው ፊት ስንሆን እንስቃለን፣ ኳስ እንቀባበላለን፣ ሰላም የሆንን እንመስላለን። ጨዋታው ሲጀመር ግን ላቀው የእኛ በረኛ መሆኑን እንረሳዋለን። እንዲህ እያልን ሰባት ጨዋታ ተጫወትን። ከሰባቱ ስድስቱን ተሸነፍን።

ዙሩ ሲያልቅ ኮሌጁ ግምገማ ጠራ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ከፊት ለፊት ጋሽ ዘውገ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ አለ። ኃላፊው ፊት አንድ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ወሬው ቀድሞ ደርሶን ስለነበር ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። የላቀው የስንብት ደብዳቤ ነው፤ የቀረው የአሰልጣኙ ፊርማ ብቻ ነው። በእኛ ኮሌጅ ለቡድኑ የሚጫወት ተማሪ ማደሪያና ምግብ ያገኛል። ከቡድኑ የተሰናበተ አልጋውን ያስረክባል። የላቀው አገር ደግሞ ሩቅ ነው፤ በከተማው ውስጥ የሚያስጠጋው ዘመድ የለውም። ከቡድኑ ወጣ ማለት ትምህርቱን አቋረጠ ማለት ነው። ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን።

ሱራፌል ተነስቶ ተናገረ። «ችግራችን አንድ ነው፣ ጋሼ። በረኛው አይጣራም። ተከላካይ ከኋላው የሚመጣውን በምን ያውቃል? ሰባት ጨዋታ ሙሉ ድዳ በረኛ ይዘን ነው የተጫወትነው።»

ጋሽ ዘውገ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ለእሱ ቅርብ ነህ። እውነት ነው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩ። «እውነት ነው፣ ጋሼ። ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

ይህን ስናገር ላቀው ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ላለመዞር ለምጃለሁ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ጋሽ ዘውገ።

«ተጣርቻለሁ፣ ጋሼ» አለ ላቀው ተነስቶ።

«ታዲያ ለምን አልሰሙህም?»

የላቀው ድምፅ ዝቅ አለ። «እሱን እነሱን ይጠይቋቸው» አለና ተቀመጠ። ኩርፊያውን አላነሳም። ጥለነው ከጠረጴዛው መነሳታችንንም አላነሳም። አንድ ቃል ቢናገር ራሱን ያድን ነበር፤ እኛን አሳልፎ መስጠት ግን አልፈለገም። እኛ እሱን አሳልፈን ስንሰጥ ግን ዓይናችንን አላሸንም።

ሱራፌል ቪዲዮው የገቡትን ጎሎች እንጂ የበረኛውን ድምፅ አይዝም ብሎ፣ በራሱ ተማምኖ፣ «የተቀረጸው ቪዲዮ ይታይና ይፍረድ» አለ።

በሜዳችን የተጫወትናቸው አራት ጨዋታዎች በኮሌጁ ታብሌት ተቀርጸው ነበር። የቀረጹት የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ተማሪው ሁሉ ጨዋታ ሲጀመር ስለሚዘልና ስለሚጮህ ጋሽ ዘውገ የተረጋጋ ሰው ብለው ታብሌቱን ለእሳቸው ሰጡ። እትዬ አልጋነሽ ትርፍ ኳሶቹን ለመጠበቅ ከጎላችን ጀርባ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእረፍት በኋላ ጎል ስንቀያየር በርጩማቸውን ይዘው ተከትለውን ይሄዳሉ። ያን ዕለት ታብሌቱን አምጥተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

ምስሉ ግድግዳው ላይ ሲበራ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሚታየው ነገር የለም። መረብ ይታያል፣ ትንሽ ሰማይ ይታያል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ጣት ይመጣና ሁሉንም ይሸፍናል። ሌላውም ጨዋታ እንደዚያው ነው።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ጎሉን ትተው ጣትዎን ነው እንዴ የቀረጹት?» አለ አንዱ።

ሳቃችን ሊያልቅ ሲል ድምፁ ተሰማ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው።

«ሰው አለብህ! በቀኝ! በቀኝ በኩል ተመለስ!» ላቀው ነው። ቀጥሎ ስሜን ጠራ። ደግሞ ጠራኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራኝ ኳሱ መረቡን መታው።

ጋሽ ዘውገ ሁለተኛውን ጨዋታ ከፈቱ። አሁንም ላቀው ይጣራል፤ የሁላችንንም ስም በየተራ እየጠራ ይጮሃል። የሚመልስለት የለም። ሦስተኛውን ከፈቱ፤ ጉሮሮው ዘግቷል፣ ግን ይጣራል። በአራተኛው ጨዋታ ድምፁ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ልመና ሆኗል። «እባካችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ መልሱልኝ» ይላል። የማዕዘን ምት ሊመታብን ነው፤ ሱራፌልም ለመከላከል ወደ ኋላ መጥቷል። ላቀው ስሜን ጠራ። ቀጥሎ የተሰማው የሱራፌል ድምፅ ነው፤ ለእኔ ነው የሚናገረው።

«አትመልስለት» ይላል።

ቀጥሎ የእኔ ሳቅ ተሰማ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። በጎሉ አልነበረም ያፈርኩት። ሳቄን ሰምቼ የማላውቀው ሰው ሳቅ መስሎኝ ነው ያፈርኩት። ሱራፌል ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል።

ጋሽ ዘውገ ታብሌቱን አጠፉት። እትዬ አልጋነሽ ጸጥታውን አይተው ያበላሹት ነገር ያለ መሰላቸው።

«ይቅርታ፣ ልጆቼ፣ ጣቴን አላስተዋልኩትም» አሉ። «እኔ የኳስ ነገር አላውቅም። ይሄ ልጅ ግን ሁልጊዜ ሲጣራ እሰማዋለሁ። እናንተ እኮ ርቃችሁ የማትሰሙት ነበር የሚመስለኝ። አንዳንዴማ አብሬው ልጮህላችሁ እልና ሴትዮዋ አበደች እንዳትሉኝ እተወዋለሁ።»

አልራቅንም ነበር።

ተነስቼ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «እሰማው ነበር። አንድም ጊዜ ሳልሰማው ቀርቼ አላውቅም።»

ጋሽ ዘውገ ብዙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለን ነበር። «ሌሎቹ አሥራ አንድ ሆነው ነበር የሚገቡት» አሉ። «እናንተ አሥር ሆናችሁ እሱን ብቻውን አስገባችሁት። ይህን ሳላይ ቀርቼ ከዳር ስጮህ መክረሜ ደግሞ የእኔ ውርደት ነው።» ከዚያ ደብዳቤውን ወደ ኃላፊው ገፋ አደረጉት። ኃላፊው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አንድ በአንድ እየተነሳን ላቀውን ይቅርታ ጠየቅነው። ሱራፌል አለቀሰ። የጠበቅነው ላቀው አብሮን አልቅሶ፣ አቅፎን፣ ነገሩ በዚያው እንዲያልቅ ነበር። እሱ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ቡድኑን አልለቅም» አለ። «ይቅርታችሁን ግን ዛሬ አልቀበልም። ይቅርታ መጠየቅ እኔም ጠይቄ አይቼዋለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ ላይ ስጣራ መልሱልኝ፤ ያኔ እናያለን።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ከኋላዬ ስሜን ጠራ። «አለሁ! አይቼዋለሁ!» ብዬ መለስኩ። ላቀው ለአፍታ ዝም አለ። መልስ መስማት እንግዳ የሆነበት መሰለኝ። ያን ዕለት ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። በሰባት ጨዋታ የተበላሸ ነገር በአንድ ቅዳሜ አይቃናም። ላቀውም ይቅር ብያችኋለሁ አላለንም። አሁንም ዘጠነኛ ነን፤ ስምንት ጨዋታ ይቀረናል፤ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ ተጫዋች ግን የለንም።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ሰውን ስናኮርፍ የምንቀጣው እሱን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ከጀርባችን የሚመጣውን አደጋ የሚያይልን ብዙ ጊዜ ያው ያኮረፍነው ሰው ነው። መጀመሪያ አንሰማውም እንላለን። ውለን አድረን ስንጎዳ ደግሞ አልነገረንም እንላለን። የመጀመሪያው ኩርፊያ ነው፤ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። ሁለተኛው ግን በሰው ላይ በሐሰት መመስከር ነው። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ ይበልጥ ያሳፈረኝ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እናንተስ? በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ «እሱ እኮ አንድ ቀን እንኳ ነግሮን አያውቅም» የምትሉት ሰው ማነው? እውነት አልነገራችሁም?