የዕጣው ቅል

አንድ ጊዜ በአንድ በረሃ ዳር አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ድርቅ ገባና ምንጩ ሁሉ ነጠፈ። የቀረው አንድ ኩሬ ብቻ ሆነ፤ እሱም ውስጥ አዞ አለ። አንዱ ቀድሞ ወርዶ አዞውን ወደ ራሱ ካልሳበ ሌሎቹ መጠጣት አይችሉም።

«ማን ይቅደም?» ሲባል ቀበሮ መላ አመጣች።

«ዕጣ እንጣል። ለጌታችን ለአንበሳ ባቄላ፣ ለአያ ጅቦ ሽንብራ፣ ለእኔ ምስር፣ ለእመት አህያ ገብስ ይሁን። እኔ ቅል ውስጥ እጨምራለሁ፤ አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን ያውጣ። ፍሬው የወጣበት ይወርዳል።»

ሁሉም ተስማሙ። ጅብ መዳፉን ሰደደ፤ ገብስ ወጣ። አህያ ወረደች። በማግስቱም ገብስ። ከዚያ በኋላም ገብስ። አንድ ቀን አዞው ጆሮዋን ዘነጠለው፤ ሌላ ቀን ጭራዋን ይዟት በስንት መከራ አመለጠች።

«ምነው ሁልጊዜ እኔ?» አለች እየደማች።

«ዕድልሽ ነዋ» አለች ቀበሮ። «የሁላችንም ፍሬ ቅሉ ውስጥ አለ። በዕጣ ማን ይቀየማል?»

ጅብም ውሃ ጠጥቶ ሆዱ እንደተነፋ፣ ነገሩ ሳይገባው «በዕጣ ማን ይቀየማል?» ብሎ ደገመላት።

አህያ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆማ አሰበች። «አራት ነን። ፍሬያችን አንድ አንድ ከሆነ፣ ከአራቱ ዕድል አንዱ የእኔ፣ ሦስቱ የእነሱ ነው። አንድ ቀን ቢወጣብኝ፣ ቢደገምብኝም ይሁን። ግን ባቄላና ሽንብራና ምስር እንዴት አንድም ቀን አይወጡም?»

በማግስቱ ቅሉ ሲቀርብ አፍንጫዋን አስጠጋች። የገብስ ሽታ አይጠፋትም፤ አንዲት ፍሬ ደግሞ እንዲህ አትሸትም። ቅሉን በእግሯ መትታ ገለበጠችው። አንድ ባቄላ፣ አንድ ሽንብራና አንዲት ምስር መሬት ላይ ወደቁ። ገብሱ ግን እፍኝ ሙሉ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«ምን ዋሸሁ?» አለች ቀበሮ። «የሁላችንም ፍሬ አለ አልኩ፤ ይኸው አለ።»

«መኖሩንማ አለ» አለች አህያ። «የእናንተ አንድ አንድ፣ የእኔ እፍኝ ሙሉ። ዓይኑን ለጨፈነ እጁ የሚገባለት የበዛው ነው። እኔ እየደማሁ እናንተ ስትጠጡ ዕድልሽ ነው አላችሁኝ። ዕድሌ አይደለም፤ የእናንተ ክፋት ነው። ከእንግዲህ ፍሬው በሁላችንም ፊት አንድ አንድ እየሆነ ካልገባ አልወርድም። ከመጣ ጥሙ ለሁላችንም ይምጣ።»

አንበሳ አፈረ፤ ደግሞም ጠምቶታል። «እንዳለችው ይሁን» ሲል ፈረደ።

አራቱ ፍሬዎች በሁሉም ፊት ገቡ። ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ አወጣ፤ ገብስ ሆነ። ቀበሮ ሳቀች። አህያ ግን «ይህኛው እውነተኛ ዕጣ ነው፤ እወርዳለሁ» ብላ ሄደች፤ በደህናም ተመለሰች። በማግስቱ ባቄላ ወጣ፤ አንበሳ ወረደ። ቀጥሎ ምስር ወጣች።

«ይህ ዕጣ ልክ አይደለም» አለች ቀበሮ።

የሰማት የለም። አንበሳ ከኋላ፣ አህያ ከጎን ሆነው እስከ ኩሬው አፋፍ ሸኟት።

ከዚህ የምንማረው ዕጣ ውስጥ መግባት ብቻውን እኩል ዕድል እንደማይሰጥና «ዕድልህ ነው» ሲሉን አሜን ከማለታችን በፊት የማን ፍሬ ስንት ሆኖ እንደገባ መጠየቅ እንዳለብን ነው።