ከመፍታቱ በፊት

አንድ ባለጀልባ ነበረ። ልጄ፣ «የተጣሉትን ወንድማማቾች ዛሬውኑ ለምን አናፋጥጣቸውም?» ላልኸኝ መልሱን ከሱ ታገኘዋለህ።

ይህ ሰው በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ይኖር ነበር። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ጤና ጣቢያው ያለው ማዶ ነው። በዚያው ሰሞን የጀልባው ሞተር ጭስ ሲተፋ ከረመና አንድ ቀን ጭራሽ ቆመ። ሰውየው እየቀዘፈ ተመለሰ፤ ልቡ ግን በጭንቀት ተሞልቷል።

ሞተሩን አውርዶ አሸዋው ላይ አጋደመው። ቁልፉን በመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳርፎ ሊያዞረው ሲል እጁን ገታ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሞተሩን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ጎረቤቱ አይቶ ተቆጣ። «ሰውዬ! ሚስትህ ዛሬ ነገ እያለች ምን ትጠብቃለህ? ፍታው እንጂ!»

«መፍታቱማ ማንን ያቅተዋል? የፈታሁትን የት ላስቀምጠው?» አለው።

ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ብሎን አልፈታም። የሞተሩን ጭቃ አጠበ፤ የዛገውን ሁሉ ዘይት አጠጣ። የጎደለውን ቁልፍና የሚቀየረውን ዕቃ ከማዶ በታንኳ አስመጣ። ሚስቱን ነጭ ጨርቅ ቢለምናት ለሕፃኑ ካዘጋጀችው አንዱን ሰጠችው።

«እድፉን ግን አንተ ነህ የምታጥበው» አለችው። ተሳሳቁ።

ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግቶ በከሰል ቁጥር ጻፈበት፤ የሚፈታው ሁሉ በየተራው እንዲቀመጥ።

በሦስተኛው ቀን ፈታው። ጥፍር የምታህል ሞላ ተፈናጥራ ወጣችና ጨርቁ ላይ አረፈች። አሸዋው ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ያገኛት ነበር? ሳይመሽ ገጥሞ ጨረሰ። ሞተሩ ገና በሁለተኛው ጉተታ ተነሣ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምጡ መጣ። ያ የተቆጣው ጎረቤት ራሱ ሴትዮዋን ደግፎ ጀልባዋ ላይ አወጣት። ማዶ ደርሰው ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ልጄ፣ የወንድማማቾቹም ጠብ እንደዚያ ሞተር ነው። ፊት ለፊት አቁሞ ሆዳቸውን ማስከፈት ቀላል ነው፤ ከሆድ የምትፈናጠረው ቃል ግን ማረፊያ ካላገኘች ቤታቸውን ታፈርሳለች። ሰሞኑን እናታቸውን ስንሰማ፣ ሚስቶቻቸውን ስንጠይቅ የምንውለው ፈርተን አይደለም። ማረፊያውን እየዘረጋን ነው። በል ተነሥ፤ ዛሬ ታላቅየውን ብቻውን እንስማው።