እንዳልካቸውና ማርሚታው

አዳማ ውስጥ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ በባለቤቱ ጉራ ሲበላሽ ሰዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ በጋራዥም፣ በእድርም፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባም ትነገራለች። ከሚናገሯት ብዙዎቹ ማን እንደጀመራት አያውቁም፤ ከጥንት አባቶች የመጣች የሚመስላቸውም አሉ። ጥንት መኪና የት ነበርና! የጀመሯት ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ያውም ሊቀልዱ ፈልገው ሳይሆን አንጀታቸው አርሮ።

ጋሽ ደምሰው የእህታቸውን ልጅ እንዳልካቸውን አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጃቸው አሳድገውታል። ልጁ ሥራ ወዳድ ነው፤ በትንሽ ክፍል የጀመረውን የብረታ ብረት ንግድ ሱቅ አድርጎታል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ያለው ነገር ካልታየለት ያለው አይመስለውም። እጁ ፈታ ሲል የገዛት ኤስዩቪም ስፖርት መኪና የሚያሰኝ ቁመና ያላት፣ ሰፋፊ ጎማ የለበሰች ቆንጆ ነበረች፤ እሱ ግን ድምፅ የላትም ብሎ ይብሰለሰል ነበር። «ሰው ዞር ብሎ ሳያያት አልፋ ትሄዳለች እኮ» ይላል።

በዚያው ሰሞን ልቡ ረድኤት ላይ ወድቋል። ረድኤት አዳማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ቤተሰቦቿ ቢሾፍቱ ዳር የሚኖሩ ልጅ ናት። እሷም ወዳዋለች፤ ግን «አባቴን በወጉ አስጠይቅ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እሱም እንደ ወጉ ቤታቸውን ሳይረግጥ ሽማግሌ ላከ። የሄዱት ጋሽ ደምሰው፣ ጎረቤታቸው ሐጂ ከድርና የቤተሰቡ የንስሐ አባት ቄስ አላምረው ናቸው። የሄዱትም በሐጂ ከድር አሮጌ ፒካፕ ነው።

የልጅቷ አባት አቶ ጎሹ በትሕትና ተቀበሏቸው። «ልጅቷንም ዘመድ አዝማዱንም ላማክር፤ ለዳግማዊ ትንሣኤ ተመለሱ» አሏቸው። ይህ በሽምግልና ወግ መልካም መልስ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንዳራገፈ ይቆጠርበታል። ጋሽ ደምሰው ደስ ብሏቸው ተመልሰው ይህንኑ ቢነግሩት እንዳልካቸው ፊቱ ተለወጠ።

«ቀጠሮ? እኔን ቀጠሮ?»

«መልሱ እኮ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ወጉ ነው።»

«በምን ነበር የገባችሁት?»

«በሐጂ መኪና።»

«ታዲያ ምን ይበሉ! እየተንኳኳ የሚሄድ ፒካፕ አይተው ድሃ መስዬአቸው ነዋ። በሚቀጥለው የምነዳችሁ እኔ ነኝ። መምጣታችንን አገር ይስማ!»

በማግስቱ አጎቱን ይዞ ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ፈይሳ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሆዷ ሥር እስከ ኋላዋ የተዘረጋውን ጭስ ማውጫ፣ የጋራዥ ሰው ማርሚታ የሚለውን፣ በባትሪ አሳያቸው።

«ይሄ የፋብሪካው ነው» አለ። «ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ለሞተሩ ለክተው ነው የሠሩት። ድምፁን ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል። የመኪናህም ዋስትና አይነካም።»

«ያኛውስ?» አለ እንዳልካቸው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሚያብለጨልጭ ቱቦ እያየ።

«እሱ ከዱባይ የመጣ ነው። ውስጡ ክፍት ነው። ቀለል ይላል፤ ጉልበት ይጨምራል የሚሉም አሉ፣ እኔ ስነዳው ብዙም አልታወቀኝም። የሚታወቀው ድምፁ ነው። ነዳጅ ሰጥተህ ስትለቅ ደግሞ ይተኩሳል። ረጅም መንገድ ከሄድክበት ጆሮህን ያደነቁርሃል፤ ኋላ አልነገርከኝም እንዳትል።»

«እሱን ግጠምልኝ።»

«ቆይ፣ ሌላም አለ» አለ ፈይሳ። «በቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ። ስትፈልግ ያገሳል፣ ሳትፈልግ ዝም ይላል። እሱን ማዘዝ አለብን፤ ለበዓል ግን አይደርስም።»

ጋሽ ደምሰው ይህን ሲሰሙ ጣልቃ ገቡ። «በል እሱን እዘዝና ጠብቅ። እስከዚያ መኪናዋ እንደ ተፈጠረች ትውሰደን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ለሁሉ ነገር ተረት አለዎት!» ብሎ ሳቀ እንዳልካቸው።

ተገጠመለት። ሞተሩ ሲነሳ የጋራዡ ውሻ ጭራዋን ቆልፋ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ገባች። እንዳልካቸው ግን ፊቱ በርቶ፣ የልጅነት ሳቁን እየሳቀ ነዳጁን ደጋግሞ ረገጠ። ጋሽ ደምሰው ሊቆጡት አስበው ያንን ሳቅ ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። ከአባቱ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያዩት ጥቂት ጊዜ ነው።

የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ጉዞ ጀመሩ። ፈይሳ እንዳለው ሆነ። ፈጣኑ መንገድ ላይ ሲወጡ መኪናው ውስጥ መነጋገር አልተቻለም። ሐጂ ከድር ሻሻቸውን ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ፤ ቄስ አላምረው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቢሾፍቱ ሲደርሱ ጋሽ ደምሰው አስፋልቱ ዳር አስቆሙት።

«ከዚህ በእግራችን ነን። ሽማግሌ ደጅ የሚጠናው ቀስ ብሎ ነው። አንተ እዚሁ ቆይ። ንቅንቅ እንዳትል!»

«እሺ ጋሼ፣ አልነቃነቅም።»

አቶ ጎሹ ቤት ሲገቡ ወንበር ቀረበላቸው። እነሱ ግን እንደ ወጉ ቆሙ።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ከድር። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

አቶ ጎሹ ወደ ሚስታቸው አየት አደረጉ። ከዚያ ተናገሩ። «ልጅቷን ጠየቅኋት፤ አንገቷን ደፋች። ዘመዶቼም አልከፋቸውም። እንግዲህ ልጃችሁ ልጃችን ነው። በሉ ቁጭ በሉ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የጋሽ ደምሰው ዓይን እንባ አቀረረ። ቤት ሆና የምትጠብቀው እህታቸው ፊታቸው ላይ ድቅን አለች፤ ለወግ ማዕረግ አበቃሁልሽ ሊሏት ነው። ከጓዳ የረድኤት አክስት እልልታዋን አቀለጠችው።

የዚያን ጊዜ እንዳልካቸው አስፋልቱ ዳር አልነበረም። ኋላ ራሱ እንደተናገረው መቀመጥ አቅቶት፣ ሽማግሌዎቹ የገቡበትን ግቢ ከሩቅ አይቶ መኪናዋን ቀስ አድርጎ ወደ ሰፈሩ አስገብቷታል፤ ከግቢው ጀርባ ካለ ረጅም የቆርቆሮ ግድግዳ ጥግም አስጠግቷታል። ግድግዳው የመጋዘን መስሎታል። ቤቱን ረግጦ አያውቅምና ከቆርቆሮው ወዲያ የአቶ ጎሹ ዶሮዎች እንዳሉ በምን ይወቅ! ቤተሰቡ የሚተዳደረው በእነሱ ነው። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸው፣ እንቁላል መጣል የጀመሩት በዚያው ሳምንት የሆነ ቄቦች ነበሩ።

እልልታውን ሰማ። ደስታው አናቱ ላይ ወጣና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠው።

ማርሚታው አገሳ። ሲለቀው ደግሞ እንደ ጥይት ተንጣጣ። የሳሎኑ መስኮት ተርገፈገፈ። ወዲያው ከግቢው ጀርባ የረድኤት እናት ጩኸት ተሰማ፤ ድምፁን ሲሰሙ በጓዳ በር ወጥተው ወደ ዶሮዎቹ ሮጠው ነበር።

«ተደራረቡ! ጎሹ ድረስ፣ ዶሮዎቹ ተደራረቡ!»

ዶሮ ሲደነግጥ አንድ ጥግ ላይ ይከመራል፤ ከሥር የዋለው ይታፈናል። አቶ ጎሹ ሮጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ገና ሳይሞቃቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ተከተሏቸው። ቄስ አላምረው መስቀላቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ሐጂ ከድር እጅጌያቸውን ሰብስበው ከክምሩ ላይ ቄብ እያነሱ ወዲያ ማስቀመጥ ጀመሩ። ረድኤትም በአዲስ ቀሚሷ ተንበርክካ ታነሳለች። ክምሩ መበተን ሲጀምር ማርሚታው እንደገና አገሳ፤ ዶሮዎቹም ተመልሰው ተከመሩ። እንዳልካቸው ሩጫውንና ጩኸቱን ሰምቶ ጭፈራ መስሎት ኖሯል፤ እያደመቀላቸው ነው። ጋሽ ደምሰው ቆርቆሮውን በጡጫ እየደበደቡ «አጥፋው! አንተ ልጅ፣ አጥፋው!» እያሉ ጮኹ። በመጨረሻ ጠፋ።

ከሥር የነበሩት አልተነሱም። አቶ ጎሹ በሁለት እጃቸው የሞቱ ቄቦች ይዘው ከክምሩ ቀና አሉ።

«ይተካል» አሉ ሐጂ ከድር ቶሎ ብለው። «ሁሉም ይተካል፣ አቶ ጎሹ።»

«ዶሮውማ ይተካል፣ ሐጂ። ለእናንተ ያለኝ ክብርም እንዳለ ነው። ልጁን ግን አላውቀውም ነበር፤ አሁን ሰማሁት። ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ ብሎ ለማይጠይቅ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

ጋሽ ደምሰው ወደ ረድኤት አዩ። ቀሚሷ ላባ ለብሷል። ለእንዳልካቸው አንድ ቃል ትናገርለታለች ብለው ጠበቁ፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የቀሩትን መለየት ቀጠለች። ለአባቷ ጥያቄ አንገቷን እንደደፋችው የእሺታ አልነበረም።

ሲወጡ እንዳልካቸው የመኪናዋን በር ከፍቶ፣ ጥርሱ ሁሉ ስቆ ጠበቃቸው።

«እልልታውን ሰማሁት! ሰጡን አይደል? እነሱስ ሰሙኝ?»

ጋሽ ደምሰው ወደ እሱ ቀረቡ። ከጋቢያቸው ላይ ላባ አራገፉ። «ሰምተውሃል» አሉት። «ግባና የሆነውን ከአፋቸው ስማ፤ ይቅርታም ጠይቅ። እኛ በሚኒባስ እንሄዳለን።»

አዳማ ሲደርሱ እህታቸው ጎረቤቶቿን ሰብስባ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ሲመጡ ስታይ ክው አለች።

«ምነው? ልጄስ? ሳትጨርሱ ነው የመጣችሁት?»

ጋሽ ደምሰው የበሩን መቃን ተደግፈው ትንሽ ተነፈሱ። «እኛስ ጨርሰን፣ ተቀምጠን፣ እልልታውንም ሰምተን ነበር፣ እህቴ» አሏት፤ «ምን ያደርጋል፣ ሽማግሌ የጨረሰውን ማርሚታ አፈረሰው።»