ያልተፈታው ክር

አንድ ደባስ የሚባል ልብስ ሰፊ በገጠር ከተማ ይኖር ነበር። ይህ ሰው አሮጌ የክር ጥቅል ይሰበስባል። ክሮቹ በእንጨት ላይ የተጠቀለሉ፣ ጫፋቸው ላይ ምልክት ያለበት ወረቀት የተለጠፈባቸው ናቸው። የክሩ ፋብሪካ ወረቀቱን በየዘመኑ ይቀይራል፤ ደባስም የየዘመኑን በሣጥን ደርድሮ ያስቀምጣል። አንዱንም ፈትቶ ሰፍቶበት አያውቅም።

አንድ ዓመት በመኸር፣ ጤፍ ታጭዶ ገና ሳይወቃ ሰማዩ ጠቆረ። ገበሬ የሆነው ታላቅ ወንድሙ አስረስ የተቀደደ ሸራ ተሸክሞ መጣ።

«ቶሎ ስፋልኝ። ክምሬ ሜዳ ላይ ነው።»

«የሥራ ክር አልቆብኛል ጋሼ። እስከ ገበያ ቀን ይታገሡኝ።»

«ደመናው የገበያ ቀን ያውቃል? ሣጥንህ ሙሉ ክር አይደል እንዴ!»

ደባስ አንዱን ጥቅል አንስቶ አሳየው። «ወረቀቱ ላይ ያለውን አንበሳ ይዩት፤ ጭራው ወደ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ጭራውን ወደ ታች ጥሏል። እንዲህ ያለው ዳግም አይገኝም።»

«ሸራዬን የሚሰፋው አንበሳው ነው?»

«ሌላ ይጠይቁኝ ጋሼ። ይሄን አልፈታም።»

አስረስ ሸራውን አጣጥፎ ወጣ። ማታውኑ ዘነበ፤ በማግስቱም ዘነበ። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ክምሩን አራሰው። ከጤፉ ገሚሱ እዚያው በቀለ፣ ቀሪው ሻገተ። አስረስ በሬዎቹን ሸጠ። ልጆቹን በየዘመዱ በተነ። ከዚያ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ሊወርድ ተነሳ።

በሚሄድበት ጠዋት ደባስ ሣጥኑን ይዞ መጣ። የአስረስ ስልቻ ተተርትሮ አየ። ባለ አንበሳውን ጥቅል አውጥቶ ፈታ፤ መርፌ ላይ አስገባ። ክሩ ገና ሲሳብ ተበጠሰ። ደግሞ ሞከረ፤ ተበጠሰ። ሌላ ጥቅል ፈታ፤ እሱም እጁ ላይ ተቆራረጠ። ወረቀቱ ብቻ እንዳማረበት ነው።

«ተወው» አለ አስረስ። «በዛፍ ልጥ አስረዋለሁ።»

አስሮ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

ክሩ ሸራው በመጣበት ቀንም በስብሶ ይሆናል። ያን ጊዜ ቢፈታው ኖሮ ሸራው ላይሰፋ ይችል ነበር። አስረስ ግን ወንድም አለኝ እንዳለ ይኖር ነበር። ሰው ቸግሮት ሲመጣ ያለህን አውጣለት። መጥቀሙና አለመጥቀሙ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

አንተስ፣ ማን ደጅህ ቆሞ ሳለ ነው ሣጥንህን የዘጋኸው?