የእመት አህያ አንድ ትንፋሽ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አህያን ከመብላቱ በፊት በዳኛ ፊት ሊሟገታት የተገደደበት ዘመን ነበር። አትሳቁ፤ ድርቅ የማያመጣው ነገር የለም። በዚያ ዓመት ከአንድ ወንዝ በስተቀር ምንጩ ሁሉ ደርቆ፣ አያ አንበሶ «በውሃ ዳር ደም ያፈሰሰ ደሙ ይፈሳል» ብሎ አወጀ። ስለዚህ ጥርስ ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን ቆሞ ይጠጣ ጀመር።

በዚያው ሰሞን እመት አህያ ሣር ፍለጋ ወንዙን እንደተሻገረች ምጥ ያዛትና፣ ዳልቻ ያለችውን ውርንጭላዋን ውሃው ዳር ካለው ከአያ ጅቦ ጉድጓድ ፊት ለፊት ወለደችው። አያ ጅቦ ብቅ ሲል ጠጉሩ ገና ያልደረቀ ጨቅላ አየና ምራቁ ተዝረከረከ። አዋጁ ትዝ ሲለው ግን ጥርሱን ሰብስቦ «በደጄ የተወለደ የኔ ነው» ሲል ለአያ አንበሶ ከሰሰ። ችሎቱም ለማግስቱ ተቀጠረ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ? የእሷም ባል ወሬውን እንደሰማ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። እመት አህያ ልጇን የምታድንበት አፏ ብቻ ቀረላት፤ የአህያን አፍ ደግሞ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? የአያ አንበሶ ችሎት ደንቡም ከባድ ነበር። ተሟጋች ክርክሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ከተቋረጠ መቀጠል፣ ከተሳሳተ ማረም የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አያ ጅቦ ቀበሮን ጠበቃ ያዘ። ቀበሮም ያማረ ክርክር አዘጋጀለትና ከዳር እስከ ዳር እንዲለማመደው መከረው። አያ ጅቦ ግን መጀመሪያውን እንደያዘ በቃው። መጀመሪያው ካማረ መጨረሻው ራሱ ይመጣል ብሎ ጥላ ሥር ተጋደመ።

እመት አህያ ያን ቀን ሣር አልቀመሰችም። ከግራር ሥር ቆማ መንጋጋዋን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ዳልቻ ግራ ገባው።

«እማዬ፣ ሣር የለ፣ ምን ታኝኪያለሽ?»

«የነገውን ነገር ነው ልጄ። መጨረሻውን ሳልሰማ መጀመሪያውን ከአፌ አላወጣም።»

እውነቷን ነበር። የምታሰናዳው ቃሉን ብቻ አይደለም። ድምፁ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚረጋ፣ ለሁሉም ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚበቃ በሆዷ ታዳምጥ ነበር። አህያ መሆኗን አትረሳም፤ ትንፋሿ ከበዛ ነገሯ ወደ ማናፋት ይሄዳል፣ ካነሰ ደግሞ መቋጫው ላይ ሳትደርስ ያልቅባታል።

በማግስቱ አራዊቱ ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ አያ ጅቦ ተነሥቶ አፉን ለቀቀው።

«ጌታዬ፣ ምድር የባለ ርስቱ፣ ደጅ የባለ ደጁ፤ በደጄ የበቀለው ሣር የኔ ከሆነ፣ በደጄ የበቀለው ውርንጭላም የኔ ነው፤ ስለዚህ እንደ አባት አቅፌ፣ እንደ አባት ደግፌ፣ ወደ ቤቴ አስገብቼ...»

ትንፋሹን ሁሉ መግቢያው ላይ ጨርሶት ነበር። ቀበሮ ያዘጋጀለት መጨረሻ «ላሳድገው» የሚል ነው፤ አያ ጅቦ ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ዓይኑ በዳልቻ ጭን ላይ አረፈና ለልቡ የቀረበው ነገር ቀድሞ ከአፉ ወጣ።

«...ሥጋው ሳይጠና ልብላው።»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጦጣማ ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ነበር። ቀበሮ ግን በዋዛ እጁን የሚሰጥ አይደለም። ብድግ ብሎ፣ «ደንበኛዬ ቢሳሳትም ቦታው የእሱ መሆኑን የካደ የለም፣ አለኝ የምትለው ካለ ትመልስ» አለ። አያ አንበሶም ነገሩ ልክ ነው ብሎ ወደ እመት አህያ ዞረ።

እመት አህያ ተነሥታ ዝም አለች። ትናንት ያሰናዳችው ጅብ የሌላ ልጅ ማሳደግ አይችልም የሚል ነበር። ራሱ ልብላው ካለ በኋላ ያ ሁሉ ልፋቷ ከንቱ ሆነ። አፍርሳ እንደ አዲስ መሥራት ነበረባት፣ ያውም ሁሉ ዓይኑን ተክሎባት።

«ጌታዬ፣ ዝምታ ማመን ነው» አለ ቀበሮ። «ደግሞስ ከአህያ ምን ይጠበቃል? ይፍረዱልን።»

አያ አንበሶ መዳፉን ለፍርድ አነሣ። ዳልቻ ከእናቱ እግር ሥር ተሸጎጠ። እመት አህያ ግን መጨረሻው ገና አልተሰማትምና አፏን አልከፈተችም። ኋላ ተሰማት። ያን ጊዜ ትንፋሿን መጥና ሳበች።

«ጌታዬ፣ ደጁ የእሱ ነው፣ አልክድም፤ ሣሩን ግጬ እንደሆን የሣሩን ይጠይቀኝ፣ አፈሩን ረግጬ እንደሆን የአፈሩን ይጠይቀኝ፤ ጥላዬ ደጁ ላይ ቢያርፍ ጥላዬን አይወርስ፣ ድምፄ ደጁን ቢያልፍ ድምፄን አያስር፤ ሆዴን ያማረው ሁሉ የኔ ነው ካለ ግን፣ እዚህ የቆምነው ሁላችን የእሱ ነን፣ ጌታዬ፣ እርስዎም ጭምር።»

የመጨረሻዋ ቃል ዝቅ ብላ፣ ረግታ ወጣች፤ ትንፋሿም እዚያው ላይ አለቀ። የሳቀ የለም። የአያ አንበሶ ጋማ ቀስ እያለ ቆመ።

«እኔንም?» ሲል አያ ጅቦን ጠየቀው።

አያ ጅቦ ሌላ ነገር እንዳያመልጠው አፉን በሁለት መዳፉ ያዘ። አያ አንበሶም ልጁ ለእናቱ እንዲሆን፣ ጅቡም ጉድጓዱን ከውሃው ዳር እንዲያርቅ ፈረደ። ቀበሮ «ያን ያህል ዝም ብላ እንዴት ይፈረድላታል?» ብሎ አጉረመረመ።

«ዝም ያለች መሰለህ?» አለው አያ አንበሶ። «ስትናገር የነበረችው ያኔ ነው። ኋላ ያሰማችን የጨረሰችውን ነው።»

እመት አህያ ልጇን አስቀድማ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ በአያ ጅቦ ደጅ በኩል አለፈች። ኮርታለች፤ ኩራቷንም አልደበቀችም፣ ለምንስ ትደብቃለች? ዳልቻም መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «እኔ የእመት አህያ ልጅ ነኝ» እያለ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ መጨረሻውን በልቡ ሰምቶ አፉን የሚከፍት ልጁን ሲያድን፣ አፉን ከፍቶ መጨረሻውን የሚፈልግ ግን የሆዱን እንደሚዘረግፍ ነው።